እኛ ስንቀባ ድመቷ ትበላለች

ጎንደር ላይ ለፀጉር ቤት ባለሙያዎችና ድመት ለሚያሳድጉ ነዋሪዎች በአንድ የእንስሳት ሐኪም የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ።

እንደምን ዋላችሁ! ቅዳሜን የሚያህል የገበያ ቀን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። የፀጉር ቤት ባለሙያዎችን በተለይ የጠራናችሁ በምክንያት ነው። ከተማው ፊቱን፣ ፀጉሩንና ፂሙን በምን እንደሚቀባ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

የማወራው ስለ ድመት ነው። ወደ እንስሳት ክሊኒክ በብዛት የሚመጣው ከብት፣ በግ፣ የጋሪ ፈረስና አህያ ነው። ውሻም ለክትባት ይመጣል። ድመት ግን እምብዛም አትመጣም። ስትታመም «የሆነ ነገር በልታ ነው» ይባላል። ጥግ ይዛ ትተኛለች። ምግብ ትተዋለች። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሞታ ትገኛለች። ምን በልታ እንደነበር አጥብቆ የሚጠይቅ የለም። ብዙ ሰው የሚጠረጥረው የአይጥ መርዝ ነው። የአይጥ መርዝ ብዙ ድመት እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ማንም የማይጠረጥረውን ነገር ነው የማነሳው። አልጋ ራስጌ የተቀመጠውን ቱቦ፣ መስታወት ሥር ያለውን ብልቃጥ፣ አንገታችንና እግራችን ላይ አሽተን የምንተኛውን ቅባት።

ቅባት ከተቀባን በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ቆዳችን ላይ ነዋ፣ ማን ይነካዋል? ቱቦው ላይም «ለውጭ አካል ብቻ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ማሳሰቢያ የሚሠራው ለሰው ነው። ድመት የላሰችውን ሁሉ ትውጠዋለች። እኛ የቀባነው ለእሷ የተበላ መድኃኒት ነው።

ሁላችሁም የምታውቁትን ነገር ላንሳ። እናት ፀጉሯን ተሠርታለች። አናቷ ላይ ለጋ ቅቤ ተደርጎላታል። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ቡና ትቆላለች። ቅቤው በከሰሉ ሙቀት ቀስ እያለ ይቀልጥና በጆሮዋ ሥር ወደ አንገቷ ይወርዳል። ድመቷ ከኋላዋ መደቡ ላይ ትወጣለች። መጀመሪያ ታሸታለች። ከዚያ አንድ እግሯን ትከሻዋ ላይ ታሳርፋለች። ወዲያው ያ ሸካራ ምላስ አንገቷ ላይ ነው። ቤተሰቡ ይስቃል። እናትም «ወጊጅ!» ትላለች እንጂ አታባርራትም፤ ደስ ይላላ፣ ፍቅር ነው።

ቅቤው ብቻውን ብዙም አያሳስበኝም። ሲበዛባት ሆዷን ያስቀምጣታል፣ አልፎ አልፎም ከዚያ የባሰ የሆድ ሕመም ያመጣባታል። እኔን የሚያሳስበኝ ድመቷ የተማረችው ነገር ነው። የሰው አንገት የሚላስ ነገር እንዳለው ያን ቀን ተምራለች። በሳምንቱ እዚያው አንገት ላይ የሕመም ማስታገሻ ጄል ይቀባል። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ? ትመጣለች።

ለምን ትመጣለች? ብዙ ጊዜ «ቅባቱ ጣፋጭ ጣፋጭ ስለሚሸት ነው» ሲባል እሰማለሁ። ድመት ግን ጣፋጭ አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ የሚገኘው የሞኔል የጣዕምና የሽታ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙት። ምላስ ጣፋጭን የሚለይበት ተቀባይ አለ፤ እሱን ለመሥራት ሁለት ዘረመሎች ያስፈልጋሉ። በድመት አንደኛው ተበላሽቶ ቀርቷል። በአቦሸማኔም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ስኳር ብታቀርቡላት ዞር ብላ አታይም። የሚስባት ስብ ነው። አሁን ቤታችን ያሉትን ቅባቶች አስቡ። የበግ ፀጉር ስብ ያለበት አለ። የኮኮናት ዘይት፣ የሺአ ቅቤ፣ የካካዎ ቅቤ ያለበትም አለ። ሥጋ በል ለሆነ እንስሳ ይህ ሁሉ ከወጥ ቤት የመጣ ነው የሚመስለው።

ሁለተኛው ሽታ ነው። በውጭ አገር ድመትን የሚያሳብድ አንድ የታወቀ ተክል አለ፣ ካትኒፕ ይሉታል። የእኛዎቹ በሶብላ፣ ናናና ዳማከሴ ያሉበት ቤተሰብ ውስጥ ነው። ከሦስት ትልልቅ ድመቶች ሁለቱ ገደማ ሲያሸቱት ይንከባለሉበታል፣ ፊታቸውን ያሹበታል። ይህ ከወላጅ የሚወረስ ጠባይ ነው። አንዳንድ ድመቶች ናና ናና የሚሸት ነገር ሁሉ ይስባቸዋል። የጥርስ ሳሙናው፣ ለጉንፋን ደረት ላይ የሚታሸው ባልም የሚላሰው ለዚህ ነው።

በረኪናም እንዲሁ። በበረኪና የታጠበ ወለል ላይ ድመት ስትንከባለል አይታችሁ ይሆናል። መንከባለሉ አይደለም ችግሩ፣ በኋላ ፀጉሯን ስትልስ ነው። በደንብ ያልቀጠነ በረኪና አፏንና ምላሷን ያቆስላል። ዴቶልም አለ፤ ውስጡ ያለው ክሎሮዛይሌኖል የፌኖል ዘር ነው፣ ይህ ደግሞ ለድመት መርዝ የሆነ የኬሚካል ወገን ነው። እርጥብ ወለል ላይ ተራምዳ መዳፏን ስትልስ ወደ ሆዷ ይገባል። ፀጉር ቤት ያላችሁ ይህን ልብ በሉልኝ። ወለሉ እስኪደርቅ ድመቷ ውጭ ትቆይ።

ድመት ራሷን ስታጸዳ አይታችኋል፤ ነቅታ ካለችበት ጊዜ ሩብ ያህሉን በዚህ ልታሳልፍ ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ምላሷ ላይ ያሉት ትንንሽ እሾሆች ጫፋቸው የተቦረቦረ መሆኑን አሳይቷል። ምራቅ ይይዙና ፀጉሯ ሥር ድረስ ያደርሳሉ። ሁሉም ወደ ጉሮሮዋ ያዘነበሉ ናቸው። ምላሷ ላይ የተጣበቀ ነገር ወደ ውጭ አይወጣም፣ ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው። ቅባት በተቀባ እጃችሁ ስትዳብሷት ያው ነው። እጃችሁን አልላሰችም፤ ጀርባዋን ግን ትልሳለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ጉበቷ። እናንተ አንድ ኪኒን ስትውጡ ጉበታችሁ መድኃኒቱን ግሉኩሮኒክ አሲድ ከሚባል ነገር ጋር ያያይዘዋል። ያኔ በውሃ ሟሚ ይሆንና በሽንት ይወጣል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ኢንዛይም በድመት ጉበት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ ዘረመሉ ተሰብሯል። ቅድመ አያቶቿ በሥጋ ብቻ የኖሩ ናቸው። በቅጠልና በፍሬ ውስጥ ያለውን መርዝ ማጣራት አላስፈለጋቸውም። ስለዚህ ለእኛ ቀላል የሆነ መድኃኒት በእሷ ደም ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። አስፕሪንን ውሰዱ። ግማሹ ብቻ ከድመት ደም እስኪወጣ እንደ መጠኑ ከ22 እስከ 45 ሰዓት ይፈጃል። በሰው ግን በትንሽ መጠን ከሆነ የጥቂት ሰዓት ጉዳይ ነው። አንድ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል አንዲትን ድመት ሊገድል ይችላል። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ይጠቁራል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል። ለታመመች ድመት «ትንሽ ፓራሲታሞል ልስጣት» ብላችሁ እንዳትሞክሩ። እባካችሁ።

ክብደቷንም አስቡ። ሦስት ወይም አራት ኪሎ ናት። ለ60 ኪሎ ሰው ጉልበት የተለካ ቅባት ለእሷ ስንት እጥፍ እንደሚሆን እናንተው አስሉት።

አንድ እርግጠኛ የሆነ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2015 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ማስጠንቀቂያ አወጣ። በሁለት ቤቶች አምስት ድመቶች ታመው ነበር። ባለቤቶቻቸው ለጡንቻና ለመገጣጠሚያ ሕመም ፍለርቢፕሮፌን ያለበት ቅባት አንገታቸውን ወይም እግራቸውን ይቀቡ ነበር። ድመቶቹን በቀጥታ የቀባ ማንም የለም። በአንደኛው ቤት ሁለት ድመቶች ኩላሊታቸው ደከመ፣ በሕክምና ዳኑ። በሁለተኛው ቤት ሁለቱ ምግብ ተዉ፣ አስታወኩ፣ ሰገራቸው ጠቆረ፣ ደማቸው አነሰ፤ ታክመውም ሞቱ። ባለቤታቸው ቅባቱን መጠቀም ካቆመ በኋላ ሦስተኛዋም ሞተች። የሞቱት ሲመረመሩ ኩላሊታቸውና አንጀታቸው ላይ የታየው ጉዳት ይህ መድኃኒት የሚያደርሰው ዓይነት ነበር።

ፍለርቢፕሮፌንን ላታውቁት ትችላላችሁ። ዘመዱን ግን ታውቁታላችሁ፣ ዲክሎፌናክ ጄል። ጎንደር ውስጥ ወገብ፣ ጉልበትና አንገት የሚያመው ሰው ያለበት ቤት ሁሉ አንድ ቱቦ አይጠፋም። ለሰው መልካም መድኃኒት ነው፣ አትጠቀሙ አልልም። ግን የሚቀባው መቼ ነው? ማታ፣ ወደ አልጋ ሲኬድ። ድመቷ የት ነው የምትተኛው? እዚያው አልጋ ላይ። ጎንደር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ድመት ደግሞ ሙቀት ትወዳለች። የተቀባው አንገትና የእሷ ምላስ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጋቢ ውስጥ ናቸው።

ሜቲል ሳሊሲሌት ያለባቸው የጡንቻ ቅባቶችም አሉ፣ ያ ትኩስ ትኩስ የሚል ሽታ ያላቸው። እነሱ የአስፕሪን ዘመዶች ናቸው። ቪክስን የመሳሰሉ ባልሞች ውስጥ ያለው ካምፎር ደግሞ ሲዋጥ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። የባህር ዛፍ ዘይትም ለድመት አይሆንም። ለጉንፋን በባህር ዛፍ ስትታጠኑ ድመቷን ከክፍሉ አስወጧት፣ ዘይቱንም ክፍት አትተዉት።

አሁን ወደ ፀጉር አስተካካዮቹ ልምጣ። ሚኖክሲዲል። ታውቁታላችሁ፣ ወጣቱ ፂም ለማብቀል የሚቀባው ነው። መጀመሪያ የወጣው ለደም ግፊት ኪኒን ሆኖ ነበር። የወሰዱት ሰዎች ፀጉር በዛባቸው። ከዚያ በኋላ ነው ለራስ የሚቀባ ሆኖ የመጣው። ይህ ፈሳሽ ለድመት ካሉት ቅባቶች ሁሉ ከክፉዎቹ አንዱ ነው። ደም ሥሮቿን ያሰፋል። የደም ግፊቷ ይወድቃል። ልቧ ይጎዳል። ከዚያ በሳንባዋና በሳንባዋ ዙሪያ ውሃ ይሞላል። አፏን ከፍታ ስትተነፍስ ታያላችሁ። ውሻ በሙቀት ሲያለከልክ የተለመደ ነው፣ ድመት አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ግን ችግር አለ።

ስለ ሚኖክሲዲል በአሜሪካ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2019 ለዚህ መድኃኒት ተጋልጠዋል ተብለው የተመዘገቡ 211 ድመቶችንና ውሾችን መርምሯል። ሰው የተኛበትን ትራስ የላሱ፣ የተቀባ ቆዳ የላሱ፣ ባለቤታቸው ሲቀባ የተንጠባጠበባቸው አሉ። ከታመሙት ድመቶች የሞቱ ነበሩ። ስለ ትራሱ ደግሜ ብናገር አይሰለቻችሁ። ልጁ ማታ ፂሙን ይቀባል፣ ጉንጩን ትራሱ ላይ አድርጎ ይተኛል። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄድ ድመቷ ገና የሞቀው ቦታ ላይ ትተኛለች። ማንም ምንም አላጠፋም። ማንም አላያትም። እኛ ዘንድ የምትመጣው መተንፈስ ሲያቅታት ነው፣ ቤተሰቡም «ጉንፋን ይዟት ነው» ይላል። ስለዚህ ይህን ለደንበኛ ስትሸጡ ወይም ስትመክሩ አንድ ጥያቄ ጨምሩልኝ፣ «ቤትህ ድመት አለች?» በሉት። ካለች ሌላ መላ ቢፈልግ ይሻለዋል። ፂም ቀስ ብሎም ይበቅላል።

እዚሁ ላይ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባለውን ማሟሚያ ፈሳሽ ላንሳ። ብዙ ሎሽንና የፀጉር ፈሳሽ ጀርባ ላይ ስሙን ታገኙታላችሁ። የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። በዚህ የተነሳ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 በድመት ምግብ ውስጥ እንዳይገባ ከልክላለች፤ በውሻ ምግብ ግን አልተከለከለም። አንድ ጊዜ በመላስ አትሞትም። በየቀኑ እጃችሁን የምትልስ ድመት ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየወሰደች ነው።

የፊት ማንጫ ቅባቶችን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። አንዳንዶቹ ውስጥ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን የሚባል ኃይለኛ ስቴሮይድ አለ። ለእናንተም ፊት ጥሩ አይደለም፣ ቆዳ ያሳሳል። ድመት ደጋግማ ከላሰችው ስኳር በሽታ ሊያስይዛት ይችላል። ውሃ ጥማቷ ይበዛል፣ ሽንቷ ይበዛል፣ እየበላች ትከሳለች። የቤት ድመት ውሃ ስትጠጣ ብዙ ጊዜ አናያትም። ስትደጋግም ካያችኋት ነገሩን ተጠራጠሩ።

የቅማል መድኃኒት ደግሞ አለ። ፐርሜትሪን ያለበት ሎሽን ለልጆች ራስ ይሸጣል። ለውሻ ቁንጫ የሚሸጠው መድኃኒትም ብዙ ጊዜ እሱው ነው። ውሻ ይችለዋል። ድመት አትችለውም፤ ትንቀጠቀጣለች፣ ጡንቻዋ ይንዘፈዘፋል፣ ሳትታከም ከቆየች ትሞታለች። «ቁንጫ በዛባት» ብሎ የውሻውን መድኃኒት ለድመት መቀባት በደግነት የሚፈጸም ጥፋት ነው፣ በጣም ያሳዝነኛል። ድመት ለቁንጫ የራሷ መድኃኒት አላት፣ ጠይቁን።

ከቅባት ልውጣና ፀጉር ቤት ውስጥ ስላለ ሌላ ነገር ልናገር። ክር። ዊግና ሂውማን ሄር የምትሰፉበት ክር፣ የሹሩባ ላስቲክ፣ ወለል ላይ የወደቀው ሰው ሠራሽ ፀጉር። ድመት የሚንቀሳቀስ ቀጭን ነገር ካየች ትጫወትበታለች። መጫወቻው አፏ ውስጥ ከገባ ያ ወደ ኋላ ያዘነበለ ምላስ ወደ ጉሮሮዋ ይነዳዋል። ክሩ አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ይጠመጠማል፣ ሌላው ጫፍ አንጀቷ ውስጥ ይገባል። አንጀቷ ምግብ ለማሳለፍ ሲንቀሳቀስ በክሩ ላይ ይሸበሸባል። ክሩ ተወጥሮ አንጀቷን እስከ መቁረጥ ይደርሳል። ቀዶ ጥገና ነው መፍትሔው። ስለዚህ ከአፏም ሆነ ከኋላዋ የተንጠለጠለ ክር ካያችሁ አትጎትቱ። በጭራሽ። አትቁረጡትም፣ እንዳለ ይዛችኋት ኑ። ማታ ሱቅ ከመዝጋታችሁ በፊት ወለሉን መጥረግና ቆሻሻውን ክዳን ባለው ነገር ማስቀመጥ ብዙ ድመት ያተርፋል። መርፌ ያለበት ክር ከሆነማ ለእናንተም ለደንበኛም አደጋ ነው።

ጥምቀት ሲቃረብ ይህ ሁሉ ይበዛል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ በሚባልበት ከተማ፣ ለጥምቀት ያልተሠራ ፀጉርም የለም። ቤት በእንግዳ ይሞላል። የእንግዳ ቦርሳ ውስጥ ያለውን ቅባት ደግሞ እኛ አናውቀውም። ቦርሳ ዚፑ ተዘግቶ ከፍ ያለ ቦታ ይሰቀል።

ሁሉን ነገር መርዝ ነው ብዬ ላስደነግጣችሁ አልፈልግም። ንጹሕ ቫዝሊን ትንሽ ብትልስ ሆዷን ያለሰልሰዋል እንጂ አይገድላትም፤ እንዲያውም ድመት ራሷን ስትልስ የዋጠችው ፀጉር እንዲወጣላት የሚሰጠው መድኃኒት ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ግሊሰሪንም እንዲሁ፣ ቢበዛ ሆድ ያስቀምጣል። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ፍሎራይድ ስላለ ቱቦውን እንድታኝክ አትተዉላት። የሕፃናት መቀመጫ ቅባት ውስጥ ያለው ዚንክ ኦክሳይድ ያስመልሳታል። ኩል ውስጥ ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው ብረት አለ፣ ለሕፃንም ለድመትም አይሆንም። አሴቶንና የፀጉር ቀለም ክዳናቸው ይዘጋ።

እሺ፣ ምን እናድርግ? ቅባቱን ቀን አድርጉት፣ ወይም ከመተኛት ቀደም ብላችሁ ተቀቡና እስኪመጠጥ ጠብቁ። የተቀባውን ቦታ በልብስ ሸፍኑ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጎንደር ላይ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ከጀሪካን አንድ ኩባያ ይበቃል። ድመቷ ስትልሳችሁ አትሳቁላት፣ አትጩኹባትም፤ ተነስታችሁ ሂዱ። በምትኩ ሥጋ ነገር ቁራጭ ስጧት። ድመቶቻችን ብዙ ጊዜ «አይጥ ትብላ» ተብለው በባዶ ሆድ የሚውሉ ናቸው። የራባት ድመት ስብ የሸተተውን ሁሉ ትልሳለች። በደንብ የበላች ድመት ቅባት የመላሷ ነገር ይቀንሳል።

ከደረሰስ? ፀጉሯ ላይ ካለ ቶሎ በጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጠቧት። በፎጣ ጠቅልላችሁ ያዟት፣ ያመማት ድመት ትነክሳለች። በደንብ አድርቋት፣ ብርድ ሌላ ጣጣ ነው። ለማስመለስ አትሞክሩ። የጨው ውሃ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ዘይት ሁሉ ይቅር። ፐርኦክሳይድ የድመትን ጨጓራ አቁስሎ ያደማል። ወተት የማጠጣት ልማድ አለን። ወተት መርዝ አያረክስም። እንዲያውም ስብ ውስጥ የሚሟሙትን በቶሎ ወደ ደም ሊያስገባቸው ይችላል። አፏን ፈልቅቃችሁ ስትግቷት ደግሞ ወደ ሳንባዋ ይገባል። በረኪና ከሆነ ሐኪሙ ራሱ ጥቂት ፈሳሽ ሊያዝላት ይችላል፣ እሱን ጠይቁ።

ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ናት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሐኪምም ያስመርቃል፣ ክሊኒክም አለው። ድመትን ይዞ መምጣት ሊያሳፍር አይገባም። በካርቶን፣ በዘንቢል፣ በፎጣ ይዛችኋት ኑ።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ጥቂቶቹ፦

አንድ ፀጉር አስተካካይ «ሱቄ ውስጥ ድመት አለች። አይጥ ትይዝልኛለች። ላባርራት ነው ወይስ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠየቀ።

አታባርራት ወንድሜ። አይጡ ይመለስብሃላ! ፈሳሾቹን በር ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባቸው። የደንበኛ ፎጣ ወንበር ላይ አይደር፣ ሚኖክሲዲል የነካው ፎጣ ደግሞ በዚያው ቀን ይታጠብ። ለእሷ አንድ የራሷ ካርቶን ጥግ ላይ አድርግላት፣ ውስጡ የአንተን ያረጀ ሹራብ ጣል አድርግበት። ፎጣው ላይ መተኛት ትተዋለች።

አንዲት እናት ደግሞ «ልጄ፣ እኔ ጉልበቴን ሳልቀባ አላድርም። ድመቷም እግሬ ሥር ካልሆነ አትተኛም። ሁለታችንም አርጅተናል፣ ምን ላድርግ?» አሉ።

እማማ፣ ቅባቱን አይተዉት። ከእራት በፊት ይቀቡት። ሲመጠጥ ረጅም ካልሲ ወይም የውስጥ ሱሪ ይልበሱበት። ያን ልብስ ጠዋት መሬት ላይ አይጣሉት፣ ድመቷ ትተኛበታለች። ጋቢዎን ቶሎ ቶሎ ያሳጥቡት። እሷ ደግሞ ካረጀች ኩላሊቷ የደከመ ሊሆን ይችላል፣ የዲክሎፌናክ ጉዳት ይበልጥ ይብስባታል። አንድ ቀን ይዘዋት ይምጡ፣ እኔ አያታለሁ።

መጨረሻ ላይ አንድ ተማሪ «ላሰች እንበል፣ ግን ምንም አልሆነችም። ስንት ሰዓት ልጠብቅ?» አለ።

በላሰችው ነገር ይወሰናል። ቅቤና ቫዝሊን ከሆነ ቤት ሆነህ ተከታተላት፤ ከበላችና ከተጫወተች ሰላም ናት። የሕመም ቅባት፣ ሚኖክሲዲል ወይም ፐርሜትሪን ከሆነ ግን አትጠብቅ። የኩላሊት ጉዳት በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል። ሲታይ ደግሞ የምናደርግላት ነገር ትንሽ ነው። ቀድመህ ካመጣሃት በደም ሥሯ ፈሳሽ እንሰጣታለን፣ መርዙን የሚይዝ፣ ለሕክምና የተዘጋጀ ከሰልም ሊሰጣት ይችላል። ስትመጣ ቱቦውን ወይም ካርቶኑን ይዘህ ና፣ ካልተመቸህ ጽሑፉን በስልክህ ፎቶ አንሳው። ስንት ሰዓት ላይ እንደላሰችና ምን ያህል እንደቀረ ንገረን። «ነጭ ቅባት ነው» ስትሉን ከየት እንደምንጀምር አናውቅም። ስሙን ካወቅነው ግን ወዲያው ሥራ እንጀምራለን።